በስሜ የተኛህበት ማሽን

ውድ አንዷለም፣

ከሥራ ገብተህ ምሳ ካልበላህ መጀመሪያ ብላ። ከዚያ ተቀምጠህ አንብበው። እኔ ከፈራሁ ዛሬ ዐሥራ ስምንተኛ ቀኔ ነው፤ ፍርሃት ባዶ ሆድ ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቄዋለሁ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። አዲሰን ከተማ ባለው ክሊኒክ በእኔ ስም ኤምአርአይ የተነሳኸው ትከሻህ ላይ አንድ ነገር ታይቷል። ጅማቱ ደህና ነው፤ አጥንቱ ላይ ግን መኖር የሌለበት ነገር አለ። ዶክተሩ የደወለው ለእኔ ነው፣ ትከሻው የእኔ መስሎታል። "ምንም ላይሆን ይችላል፤ ግን ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። በዚህ ሳምንት ና" አለኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ለአንተ ግን አልነገርኩህም።

ጠባብ ቦታ ያስጨንቀኛል፣ ማሽኑ ውስጥ መተኛት አልችልም ብዬህ ነበር። ውሸት ነው። የመጀመሪያው ኮሌጄ ከቤዝቦል ቡድኑ ያሰናበተኝም እንደነገርኩህ ከአሠልጣኙ፣ ከኮቹ ጋር ስላልተስማማሁ ሳይሆን ትከሻዬ ውስጥ ያለው ጅማት ስለተቀደደ ነው። ኳስ ወርዋሪ ያለ ትከሻ ምን ይሠራል? አዲሱ ኮሌጅ ሊቀበለኝ ሲያስብ ኮቹ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ንጹሕ የትከሻ ምስል። እኔ የለኝም፣ አንተ አለህ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ክሊኒኩ በር ላይ መኪናውን ፓርክ ሳደርግ "ሶ ምን ላድርግ?" አልከኝ።

"ምናሴ ብለው ሲጠሩ ትነሳለህ። ላይሰንሴን፣ መንጃ ፈቃዴን ታሳያለህ። በቃ።"

"ፊቴስ?"

"እኛን ሐበሾቹን ለይተው አያውቁንም፣ ኦኬ? አትጨነቅ።"

"አንተን የሚያህል ሰውዬ ማሽን ይፈራል!" ብለህ ሳቅህብኝ። ብረት ይዞ መግባት አይቻልም ሲሉህ የአንገትህን መስቀል አውልቀህ አስያዝከኝ። አርባ ደቂቃ እጄ ውስጥ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያሰብኩት ስለ ኮቹ ብቻ ነው፣ ይቅር በለኝ።

ውጤቱ ሁለት ገጽ ነበር። ጅማቱ ደህና ነው የሚለውን የመጀመሪያውን ገጽ ለኮቹ ሰጠሁት፤ ስለ አጥንቱ የሚናገረውን ሁለተኛውን የቤዝቦል ጓንቴ ውስጥ ደበቅኩት። ኮቹ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ "ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጨዋታውን የምትጀምረው አንተ ነህ" አለኝ። ደስ አለኝ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም ብዬህ የለ? አዎ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ክሊኒኩ ሦስት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም። እናትህ እትዬ እማዋይሽ ከደሴ ደውለው "አንዱዬን አደራ፣ እንግሊዝኛውን የምታነብለት አንተ ነህ" ሲሉኝ፣ "አያስቡ" አልኳቸው። ወረቀቱ እግሬ ሥር ባለው ቦርሳ፣ ጓንቴ ውስጥ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሰው በሽታ የደበቀውን ምን እንደሚሉት ግን አላውቅም።

ባለፈው እሑድ አላስችል ብሎኝ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ልማዷ ገባች። "ክፉ ወሬ ዝም ብሎ አይነገርም። የንስሐ አባታችን አባ ኃይለ መስቀል ከሲያትል ይመለሱ፣ እሳቸው ባሉበት፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ቀስ ተብሎ ይነገረዋል" አለች። አባ የሚመለሱት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አንዱዬ፣ ያኔ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? ቅዳሜ እጫወታለሁ ማለት ነው ብዬ ተነፈስኩ። እናቴ ለአንተ አዝና ያለችውን እኔ መደበቂያ አደረግኩት። አደራ በላ ማለት እኔ ነኝ።

ትናንት ከእረፍትህ ላይ ደወልክልኝ፤ ከኋላህ የመጋዘኑ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲጮኽ ይሰማኝ ነበር።

"ስማ፣ ትከሻዬን እኮ እያመመኝ ነው" አልከኝ። "ካርቶን ሳነሳ ይወጋኛል። ማለቴ፣ ስምህን ብዋስ በሽታህንም ጨምረህ ሰጠኸኝ እንዴ?"

አንተ ሳቅህ። እኔ ግን "እደውልልሃለሁ" ብዬ ዘጋሁብህ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሁለተኛውን ገጽ ይዤ ኮቹ ቢሮ ገባሁ። ምስሉ የእኔ እንዳልሆነ፣ የአክስቴ ልጅ ትከሻ መሆኑን ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ልጁ ያውቃል?" አለኝ።

"አያውቅም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

ስለ ቤዝቦል አንድ ቃል አልጨመረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከእንግዲህ ቡድኑ ውስጥ ቦታ እንደሌለኝ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ከዚያ ተነስቼ ክሊኒኩ ሄድኩና ማሽኑ ውስጥ የተኛው ሌላ ሰው ነው አልኳቸው። በእኔ ላይ ምን እንደሚያደርጉ እንጃ። ለአንተ ግን ነገ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ቀጠሮ ሰጥተውሃል፣ በገዛ ስምህ። ወረቀቱን ወደ አማርኛ ተርጉሜ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ አንድ ቃል አልቀነስኩም። "ምንም ላይሆን ይችላል" የሚለውም አለበት፣ እሱን ደጋግመህ አንብበው።

ፊትህን እያየሁ መናገር አቅቶኝ ነው ደብዳቤውን በበርህ ሥር የማስገባው። ግን ያለህበትን ከተማ፣ ሜስኪትን ለቅቄ አልሄድም፤ ከሕንፃህ ጀርባ መኪናዬ ውስጥ ነኝ። እስክትወርድ እጠብቅሃለሁ፤ ካልወረድክም አድሬ ነገ አብሬህ እሄዳለሁ። ስደበኝ፣ ዝም በለኝ፣ የፈለግከውን አድርገኝ። ልትመታኝም ትችላለህ፤ ብቻ አደራህን፣ በማያምህ እጅ ምታኝ።

የአክስትህ ልጅ፣
ምናሴ