ሚሎን ብርድ እንዳይመታው

ኮሎምበስ፣ ሂልቶፕ
የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሮሃ፣ የኔ ቆንጆ፣

ጃፓን እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽስ? እኛ ደህና ነን። አባትሽ ደህና፣ እባብሽ ሚሎም ደህና። የሚሎን ደህንነት ከፊት ያስቀደምኩት ሳትደነግጪ እንድታነቢ ብዬ ነው፤ አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ። ባለፈው “ኮንትራቴን አንድ ዓመት ላራዝመው ወይ?” ስትዪኝ “ነይና እባብሽን ውሰጂ!” ብዬ ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት ጥፋቴ እንዳይታወቅብኝ ፈርቼም ነው። አንቺ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ ስንጣደፍ ነገር ስለሚበላሽብን ቀስ ብለሽ እንድታነቢው በትልልቁ ጻፍኩልሽ።

ሚሎ ታሞ ነበር። ያሳመምኩት እኔ ነኝ።

ጥር ላይ ያ ሁሉ በረዶ የወረደ ሰሞን ክፍልሽ ብገባ ሚሎ የመስታወት ሳጥኑ ውስጥ እርጥቡ ጉዝጓዝ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አንጀቴን በላው! በዚህ ብርድ እርጥብ ላይ ማን ይተኛል? ጉዝጓዙን አውጥቼ ጣልኩ። የውሃ ሳህኑን አነሳሁና በቀን አንዴ ብቻ አጠጣው ጀመር። ነፋስ እንዳይመታው የሽቦ ክዳኑን በፎጣ ሸፈንኩ፣ የአባትሽን አሮጌ ጋቢ አጥፌ አነጠፍኩለት። የአራስ ቤት አስመሰልኩት እልሻለሁ። አንቺንስ ያሳደግኩሽ እንዲሁ አይደል?

አሮጌ ቆዳውን መጣል ሲጀምር ሙልጭ ብሎ መውለቅ ሲገባው እየተቀዳደደ ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አንድ ዓይኑ ላይ ነጭ ነገር ተለጠፈበት። አይጡን ባቀርብለት ፊቱን አዞረብኝ። ወይ ጉዴ! “እማዬ፣ አደራ” ብለሽኝ የሄድሽው ነገር እጄ ላይ ሊሞት ነው፣ ምን ብዬ ነው የምነግራት እያልኩ ሥራ ቦታ ካርቶን ስደረድር እንባዬ ይወርዳል።

አምስት ሐኪም ቤት ኮል አደረግኩ። “ውሻና ድመት ብቻ ነው የምናየው” ይሉኛል። አንዷማ “ፐርሚት የሚያስፈልገው ዓይነት እባብ ነው?” ስትለኝ ክው አልኩና ዘጋሁባት። ፈቃድ የሚባል ነገር ከተነሳ እንዴት እንደምፈራ ታውቂያለሽ። በመጨረሻ አብራኝ የምትሠራው ሰርካዲስ ጠያይቃ እዚያው ሥራችን አጠገብ ግሮቭ ሲቲ ወፍም እባብም የምታክም ዶክተር አገኘችልኝ። ጎሽ፣ እሷን ይባርክልኝ!

ሚሎን ትራስ ልብስ ውስጥ አስገብቼ፣ በሳጥን አድርጌ ጭኔ ላይ ያዝኩት። አባትሽ ነጂ ነው። ስንቱን ስቴት በትራክ የዞረ ሰውዬ “ማንያህልሻል፣ ክዳኑን ይዘሽዋል? በማርያም፣ ይዘሽዋል?” እያለ መንገዱ አለቀ። እኔ ደግሞ ፈቃድ ቢጠይቁኝ ብዬ የሰነድ ቦርሳችንን እንዳለ ይዤ ሄጃለሁ። የዜግነት ወረቀታችን፣ የቤቱ ካርታ፣ ከስደተኛ ጣቢያ ይዘነው የመጣነው ደብዳቤ ሳይቀር ሪሰፕሽን ላይ ዘረገፍኩላቸው። ልጅቷ አየት አድርጋ፣ ለሚሎ ዓይነቱ እባብ ምንም ፐርሚት አያስፈልገውም ብላ፣ “ዕድሜውን ብቻ ንገሪኝ” አለችኝ። አባትሽ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ዶክተሯ ሚሎን ክንዷ ላይ ጠምጥማ ስለ አያያዙ ጠየቀችኝ። ጋቢውንም ፎጣውንም አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩላት። አልሳቀችብኝም። “በጣም ተንከባክበሽዋል፤ ግን አድርቀሽዋል” አለችኝ። ለካ ቆዳው በደንብ እንዲወልቅለት እርጥበት ይፈልጋል፣ አየርም ይፈልጋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ዓይኑ ላይ የተለጠፈውን በመድኃኒት አለስልሳ አነሳችለት። እኔ ቤት ውስጥ ልላጠው ብሞክር ኖሮ ዓይኑን አጠፋው ነበር አለች።

ቤት እንደደረስን አዲስ ጉዝጓዝ አርጥቤ አስገባሁለት፣ ፎጣውንም ከክዳኑ ላይ አነሳሁ። ትናንት አይጡን በመቆንጠጫ ባቀርብለት ላፍ! እኛ ሑዳዴ ይዘናል፣ እሱ በዓርብ ሥጋውን ዋጠ። እልልታዬን ለቀቅኩት፤ አባትሽ እሳት የተነሳ መስሎት እየሮጠ መጣ። ሲሰማ እሱም አጨበጨበ፣ ከበሩ ወዲያ ቆሞ ቢሆንም።

እንግዲህ ጥፋቴን ነገርኩሽ፤ ይቅር በዪኝ። “ነይና ውሰጂው” ያልኩሽን እንዳልሰማሽ ቁጠሪው። እባቡን ምክንያት አደረግኩት እንጂ፣ እውነቱን ከፈለግሽ፣ እኔ ነኝ ያንቺ መራቅ ያቃተኝ። ደግሞ ባለፈው ስለ ተማሪዎችሽ እየሳቅሽ ስታወሪኝ ድምፅሽ እንዴት ደስ ይላል! እዚህ እያለሽ እንደዚያ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም።

ሚሎን እኔ ይዤዋለሁ፤ እሱ አያሳስብሽ። ኮንትራቱን ፈርሚ፣ ልጄ። ይቺን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ኪዳነ ምሕረት ከፊትሽም ከኋላሽም ትሁንልሽ፤ የሰው ፍቅር ይስጥሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልምልሽ።

ሺህ ጊዜ የምትስምሽ፣
እናትሽ ማንያህልሻል