ስላልጠፉት አንሶላዎችና ስላመኑት ስድስት ሴቶች

ለተሰናባች ወታደራዊ መርማሪዎች የሲቪል ሥራ ማሸጋገሪያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል ስል በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎም፣ ጉልበትዎም፣ የደም ግፊትዎም ደህና እንዲሆኑልኝ እመኛለሁ፤ ይልቁንም ጆሮዎ ደህና እንዲሆን አጥብቄ እመኛለሁ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሰፈሩ ስለ ጽሕፈት ቤትዎ የሚያወራው ሁሉ እስካሁን እርስዎ ዘንድ እንዳልደረሰ ከዝምታዎ ተረድቻለሁና። እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህናም አልፌ ሰሞኑን ፊቴ ሁሉ ጥርስ ሆኗል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

ማን ናት ይህቺ ደፋር እንዳይሉኝ፣ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍል የነርሶችን ጋውንና የተማሪዎችን ዩኒፎርም የምሰፋ ሴት ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ መርፌና ክር ነው ያስተማረኝ። ስለዚህ በአጻጻፌ ስህተት ቢገኝ እንደ ጥፋት እንጂ እንደ ወንጀል እንዳይያዝብኝ እለምናለሁ፤ የእርስዎ ሰዎች በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ጊዜ እንደማይተርፋቸው አይቻለሁና።

ብዕር ያስነሳኝ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ፣ በመስተዋት ውስጥ፣ አምፖል በርቶለት የተሰቀለው ማስታወቂያ ነው። «ከወታደራዊ ምርመራ ወደ ሲቪል ሥራ ከተሸጋገሩት ባለሙያዎቻችን አንዱ፣ በተመደበበት ሆስፒታል የተፈጸመ የአንሶላ ስርቆት መርምሮ በአንድ ቀን ስድስት ተጠርጣሪዎችን አሳምኗል» ይላል። ከስድስቱ አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። እንግዲህ በቤተሰባችን ስም ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ሰውዬውን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ለሆስፒታሉ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ይሆናል ብላችሁ ስትልኩት ምን ያህል እንዳሰባችሁ ባላውቅም፣ እሱ ግን አስቦ ነው የመጣው፤ የጠረጴዛ መብራቱን ከቤቱ ይዞ መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ መብራቱን አብርቶ ወደ ሠራተኛው ዓይን ያዞረዋል። የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሴቶች ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ጋሽ ኩራዝ» ብለው ስም አወጡለት። እኔም ለአክብሮቱ ስል በዚሁ እጠራዋለሁ።

ጋሽ ኩራዝ ማጠቢያ ክፍሉን ሊጎበኝ በገባበት ጧት የዕቃ ቤቱ በር መቀርቀሪያ ተሰብሮ አገኘ። መቀርቀሪያው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሴቶቹ በሩን በክርን ገፋ፣ በእግር መለስ እያደረጉ ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ሌላ አለቃ ቢሆን አናጺ ይጠራ ነበር። የእርስዎ ሰው ግን፣ አመል ያወጣል ከመሃል፣ በሩን በወረቀትና በቀለጠ ሰም አሽጎ፣ ማኅተም መትቶ፣ «ምርመራ እስኪጠናቀቅ መክፈት ክልክል ነው» ብሎ ጻፈበት። የምን ምርመራ እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ እሱ ግን እንደሚገኝ እርግጠኛ ነበር።

ደግሞም ተገኘ። በማግስቱ ዋናዋ ነርስ ወደ ሕሙማን ክፍሎች የሚሄደው ንጹሕ አንሶላ የት ደረሰ ብላ ጠየቀች። ልብ ይበሉልኝ፣ የት ደረሰ ነው ያለችው። ጋሽ ኩራዝ ግን ማን ወሰደው ብሎ ተቀበላት።

ሁለተኛ፤ እህቴን አንደኛ አድርጎ ስለጠራት አመሰግናለሁ፤ በትምህርት ቤት እንኳ አንደኛ ወጥታ አታውቅም ነበር። እህቴ የነበረውን እንደነበረ ነገረችው፦ በዋዜማው ደመና ሲመጣ አንሶላውን ከገመድ ሰብስባ፣ አጥፋ፣ ዕቃ ቤት አስገብታዋለች፤ ነርሶቹ ሳይወስዱት እሱ በሩን አሸገው፤ አንሶላው እዚያው ነው። ጋሽ ኩራዝ ይህን በጥሞና አዳምጦ «ተጠርጣሪዋ የታሸገ ስፍራ ለማስከፈት ሙከራ አደረገች» ብሎ መዘገበው። ሌሎቹ አምስቱም ለየብቻ ተጠርተው አንሶላው ዕቃ ቤት ነው ሲሉት፣ ስድስት ሰው አንድ ዓይነት ቃል ከሰጠማ ተመካክረው የመጡበት ነው አለ። ክቡር ሆይ፣ ስድስት ሰው አንድ ነገር የሚናገረው ነገሩ እውነት ሲሆንም እንደሆነ፣ በማሸጋገሪያ ሥልጠናችሁ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢነገራቸው ደግ ነበር እላለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ማጠቢያ ክፍሉ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ እርስዎም ሆኑ ጋሽ ኩራዝ ሊያውቁት አይችሉምና። እዚያ ቤት እንፋሎቱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ካውያው ይግላል፣ ማሽኑ ሲያሻው ጨርቅ ይቀዳል። አንድ ነገር በተቃጠለ ቁጥር ያቃጠለችው ብቻ ብትቀጣ ኖሮ እስካሁን ሁሉም ተራ በተራ በተባረሩ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ልማድ አላቸው፦ አለቃ ማን ነው ሲል፣ ያደረገችው ሳትሆን በዚያ ወር ቁጣ ያልደረሰባት ትነሳና እኔ ነኝ ትላለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላዋ ትነሳላታለች። የቀድሞ አለቆች ሁሉ ያውቁት ነበር፤ ለይስሙላ ይቆጣሉ፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

ጋሽ ኩራዝ ግን ዕድሜ ልኩን የሠራው ከሚክድ ሰው ጋር ነው። እያንዳንዷን ለብቻዋ አስቀምጦ፣ መብራቱን አዙሮ፣ ጓደኛሽ አምናለች፣ አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ ይላታል። በጦር ሠፈር ይህን ሲሰማ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ጓደኛው ይቀስር ነበር መሰለኝ። ለእህቴ አምናለች የተባለችላት ጡረታዋ የደረሰው፣ ሁሉም እትዬ የሚሏት አሮጊት ናት። እህቴ በልቧ፣ አንሶላው እንደሆነ ዕቃ ቤት ነው፣ ነገ ሲከፈት ሰውዬው ራሱ ይስቃል፣ እትዬ ግን በእርጅናዋ ስሟ ለምን ይነሳል አለችና «እኔ ነኝ» አለች። እትዬ ደግሞ ያቺ የልጅ እናት (እህቴን ማለቱ ነው) አምናለች ሲላት፣ የለም እሷ ምን ታውቃለች፣ እኔ ነኝ አለች። እንዲህ እንዲህ ሲል እስከ ስድስተኛዋ ደረሰ። ስድስተኛዋማ ገና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ነው ያመነችው፤ መብራቱ ዓይኔን ያሳምመኛል ብላ።

ለአንድ ስርቆት ስድስት ሌባ፣ ያውም እያንዳንዷ ብቻዬን ነው ያደረግሁት ብላ። ሌላ መርማሪ እዚህ ላይ እጁን አገጩ ላይ ያደርግ ነበር። የእርስዎ ሰው «የተደራጀ ቡድን» ብሎ ጽፎ ስድስቱንም ከሥራ አገደ፤ እናንተም ጽሑፉን ተቀብላችሁ መስተዋት ገዛችሁለት።

ሦስተኛ፤ ሕሙማኑን በተመለከተ። ስድስቱ አጣቢዎች ሲታገዱ የሚያጥብ ስለጠፋ፣ በሽተኞች በፍራሹ ላስቲክ ላይ ተኙ፤ ሲገላበጡ ላስቲኩ ጀርባቸውን ይዞ ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ እኔ ሱቅ ድረስ ይመጣ ነበር ብል ማጋነን ነው፤ ለማጋነን ትንሽ ነው የቀረኝ። ለዚህም እናመሰግናለን።

አራተኛውን ስጽፍ ግን ሳቅ እየቀደመኝ ነው፤ ይታገሱኝ። ከታሸገው በር ሥር ውሃ መፍሰስ ጀመረ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የሚያልፍ አሮጌ ቧንቧ አለ፤ ቧንቧ ደግሞ ማኅተም አያከብርም። የቧንቧ ሠራተኛው መጣ፣ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ መጣ፣ ጋሽ ኩራዝም በሩ ላይ ቆሞ ጉዳዩ ገና በእጄ ነው፣ እሽግ አይሰበርም አለ። ሥራ አስኪያጁ ጫማው ውስጥ ውሃ ከገባ በኋላ «ስበረው» አለ። ተሰበረ። አንሶላዎቹ እህቴ እንዳጠፈቻቸው፣ ጠርዝ በጠርዝ ተስተካክለው፣ ከታች ያሉት ትንሽ ረጥበው፣ በሰልፍ ተቀምጠዋል። ሁሉም ዞሮ ጋሽ ኩራዝን አየው። ጋሽ ኩራዝ አንሶላውን አየ፤ የሰበሩትን የራሱን ማኅተም አየ፤ እንደገና አንሶላውን አየ። ከዚያም ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«መልሰውታል ማለት ነው» አለ።

በራሱ ሰም በታሸገ በር፣ ክቡር ሆይ! የቧንቧ ሠራተኛው ይህን ሲነግረኝ ልለካው የያዝኩት ጋውን ከእጄ ወደቀ።

አምስተኛ ልል ነበር፣ እዚህ ላይ ግን ሳቄ ያበቃል። ሥራ አስኪያጁ ስድስቱንም በይፋ ይቅርታ ጠይቆ መልሷቸዋል፤ እግዜር ይስጠው። ጋሽ ኩራዝም በእናንተው በኩል ወደ አንድ ትምህርት ቤት የፈተና ተቆጣጣሪ ሆኖ ተዛውሯል፤ አልሸሹም ዞር አሉ። ማስታወቂያችሁ ግን እዚያው ነው። እኔ ራሴ ቢሯችሁ መጥቼ ለጸሐፊዎ አመልክቼ ነበር፤ በእምነት ቃል የተዘጋ ጉዳይ አይከፈትም የሚል መልስ በትህትና ተሰጠኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

ማስታወቂያው ስም አይጠራም ይሉኝ ይሆናል። በዚህ ሰፈር ሆስፒታል አንድ ነው፤ አጣቢዎቹም ስድስት ብቻ ናቸው። የሰፈሩ ባለ ሱቅ፣ እህቴ ስትገባ፣ መደርደሪያው አጠገብ ይቆማል፤ ከዚህ በፊት ሱቁን አስጠብቋት ምሳ ይበላ የነበረ ሰው ነው። እህቴ በጽሕፈት ቤትዎ በር ማለፍ ትታ በገበያው ጀርባ፣ በጭቃው መንገድ ዞራ ሥራ ትገባለች። የሰባት ዓመቷ ልጇ ደግሞ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «እማዬ፣ አንሶላውን የት ደበቅሽው?» አለቻት። እህቴ ሄዳ ፊቷን ታጠበች።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ማስታወቂያው ይውረድ፤ በምትኩም በዚያው መስተዋት ውስጥ፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ አምፖሉም ሳይጠፋ፣ አንሶላው አልተሰረቀም፣ ስድስቱ ሴቶች ንጹሐን ናቸው ተብሎ ይጻፍ። ዝም ብሎ ማውረድ ብቻውን አይበቃኝም፤ ሰው ያነበበውን ነው የሚያስታውሰው፣ የወረደውን ማን ያስታውሳል።

እስከዚያው ግን እርስዎን ላለማስቸገር ሥራውን እኔው ጀምሬዋለሁ። ከባለፈው ሰኞ ወዲህ በምሳ ሰዓት ሱቄን ዘግቼ ከማስታወቂያችሁ ሥር እቆማለሁ፤ ሰው ቆሞ አንብቦ ሲጨርስ፣ የኔ ወንድም፣ የኔ እህት፣ የቀረውን ልንገራችሁ እላለሁ። ወሬ እንደምወድ አልክድም፤ ባለቤቴ እንኳ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ይህ ምላስሽ አንድ ቀን ለቁም ነገር ይውል ይሆናል እያለ ሲጠብቅ ኖሯል። «መልሰውታል ማለት ነው» የሚለው ላይ ስደርስ መንገደኛው ሁሉ ይስቃል። የበር ጥበቃችሁ መጀመሪያ ሂጂ አለኝ፤ በማግስቱ ቆሞ አዳመጠኝ፤ በሦስተኛው ቀን መቀመጫ ዱካ አውጥቶ ሰጠኝና እኔም ያላደረግሁትን አምኜ አውቃለሁ አለኝ። እንዳይቆጡት አደራ።

የደስታዬ ምክንያት ይኸውልዎ። ትናንት ከሰዉ መሃል እህቴ ብቅ አለች። ዝምተኛ ናት፤ እኔ የሁለታችንንም ድርሻ ስናገር ነው የኖርኩት። ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ከዚያ ከዱካው ላይ እንድነሳላት በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፣ ተቀመጠች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ሰዉንም ቀና ብላ አይታ ከደመናው ጀምራ መተረክ ጀመረች። ክቡር ሆይ፣ ከእኔ አብልጣ ትተርካለች። ባለ ሱቁ ከኋላ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ስትጨርስ ለማግስቱ ምሳ ሱቁን ትጠብቅለት እንደሆነ ጠየቃት። «ሥራ አለኝ፤ ነገም ከነገ ወዲያም እዚህ ነኝ» አለችው።

ከማይደርቅ አክብሮትና ከማይደክም ምላስ ጋር፣ ሰላምና ጤናዎ እንዲበዛ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ መስተዋትዎም እንዳይሰበር እየተመኘሁ፣

የአንዷ «ተጠርጣሪ» ታላቅ እህት
ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ጋሽ ኩራዝ ለተመደበበት ትምህርት ቤት ወላጆች በሙሉ
ለአላፊ አግዳሚው

ማሳሰቢያ፦ በቅርቡ ሌሎች ሁለት ተሰናባች መርማሪዎች ለሥራ መዘጋጀታቸውንና ተስማሚ ቦታ እየተፈለገላቸው መሆኑን ሰምቻለሁ። በትህትና የመቃብር ቦታ ጥበቃን እጠቁማለሁ፤ እዚያ ያሉት ምንም ቢጠየቁ አይፈርሙም።