ፍሪዘር የገባው እርሾ

ይድረስ ለእህቴ። እማዬ «ጤና ይብዛልሽ፣ ሙቀት አይለይሽ» ትላለች፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ ታናሽሽ አሳምሬ እጽፋለሁ። ከባድ መርዶ ስላለን ተቀመጪ፦ ለትምህርት ወደ ብርድ አገር ስትሄጂ አደራ ያልሽን የእርጎ እርሾ አረፈ!

እማዬ እንዳይበላሽ ብላ ፍሪዘር ውስጥ ከተተችው። አውጥታ ለብ ያለ ወተት ብትጨምርበትም አልረጋ አለ። «ልጄም ድምጿ የጠፋው እንዲህ ደርቃ ይሆን?» ብላ ምግብ እንቢ አለች።

«ልጅሽ እርሾው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሲበርደው የማደጊያ ጂኖቹን ዘግቶ የብርድ መከላከያዎቹን ይከፍታል ብላን የለ? አልሞተም፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው» አልኳት።

«ዝም በል፣ አንተ ቀልማዳ!»

በማግስቱ ረጋ። እማዬ አንድ ኩባያ ጠጥታ «አንቺም ሲበርድሽ ጥናቱን ዝጊና ልብስ ደርቢ፤ አንዲት ቃል ጻፊልን፤ ፈጣሪ ይጠብቅሽ» ብላሻለች።

ለነገሩ መርዶ ያልኩት እርጎው አንድ ቀን መዘግየቱን ነው። የአንቺ ድምፅ ግን ከጠፋ ወር አልፎታል።