የተራራችንን ምስሎች ስለሰረዛችሁልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበራችሁ የነጻ ሶፍትዌር ግምጃ ቤት የቅበላ ኮሚቴ አባላት፣
ባላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሜ የእናንተን ጤና፣ የቤተሰቦቻችሁን ደኅንነትና የኢንተርኔት መስመራችሁን አለመቋረጥ ከልብ እመኛለሁ። እኛም ደህና ነን ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ኮሚቴው ያልተረጋገጠ ነገር እንደማይቀበል ስለማውቅ ይህን ዐረፍተ ነገር ለጊዜው ትቼዋለሁ። በአደባባይ የምጽፍላችሁም ክብራችሁን ለመዳፈር ሳይሆን፣ በግል የላክኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ «ተዘግቷል» እየተባሉ ስለተመለሱልኝ ነው።

እኔ የተራሮችን እንቅስቃሴ የማጠና ተመራማሪ ነኝ። ተራራ አይንቀሳቀስም የሚል ሰው ካለ ከሥሩ ኖሮ አያውቅም። በተቋማችን ሦስት ሆነን፣ ሳተላይት ደመናን አልፋ መሬት በጣት ስፋት ስትንሸራተት የምታነሳቸውን ምስሎች እናሰባስባለን። ምስሎቹ ስፍር ቁጥር የላቸውም፣ እጅግም ከባድ ናቸው፤ የሚፈልጓቸው ሰዎች ደግሞ የኢንተርኔት መስመራቸው እንደ ክር በቀጠነ የተራራ ከተሞች የሚሠሩ የመንገድ መሐንዲሶች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የታናሽ እህቴ ባል ነው።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስል እናንተ የምታውቁትን ልድገም። ግምጃ ቤታችሁ ማንም ሰው ሶፍትዌር በነጻ የሚወስድበት ነው፤ ሙሉ ቅጂውም በየከተማው በበጎ ፈቃደኞች ማሽኖች ላይ ይቀመጣል። በአማቼ ከተማ ኮሌጅ ውስጥም እንዲህ ያለ ማሽን አለ፤ ሰው መስመሩን በማይጠቀምበት ሰዓት ቀስ እያለ ከእናንተ ይስባል፣ የከተማው ሰው ደግሞ ከእሱ በቅጽበት ይወስዳል። እኛም ምስሎቻችንን እንደ ሶፍትዌር ፓኬጅ አሽገን ወደ እናንተ ላክን። የመጀመሪያዎቹን ተቀበላችሁን። አማቼ በአንዲት ትእዛዝ ሲጭናቸው ደውሎ «እትዬ፣ ተራራውን እኮ ጠረጴዛዬ ላይ አመጣሽልኝ» አለኝ። ያን ቀን ለኮሚቴያችሁ የነበረኝ ምስጋና ፌዝ አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ለተደረገልን ነገር ሁሉ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ «መረጃ ሶፍትዌር አይደለም» ብላችሁ ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን። ወደ ሳይንስ መረጃዎች ማኅደር እንድንሄድ መከራችሁን፤ ሄድን። የማኅደሩ ሹማምንትም ያሸግነውን አገላብጠው አይተው፣ ይህ ራሱን በራሱ የሚጭን ፓኬጅ ስለሆነ ሶፍትዌር ነው፣ ወደ ሶፍትዌር ግምጃ ቤት ውሰዱት አሉን። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። የእኛ ባላዎች አንዳቸውም አልተሰበሩም፤ ሁለቱም «ያኛው ላይ ተንጠልጠሉ» ብቻ ነው ያሉን።

ሁለተኛ፦ ለበጎ ፈቃደኞቹ ስላሰባችሁላቸው እናመሰግናለን። ይህን ስል ግማሹ ልቤ እውነቱን ነው። በሌላ ከተማ ማሽን የሚጠብቅ አንድ ሰው የእኛ ምስሎች ዲስኩን ሞልተውበት የነርስ ተማሪዎቹ መሥራት እንዳቃታቸው ጽፎ አይቻለሁ፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እቆጣ ነበር። ስለዚህ የማይፈልግ ማሽን የእኛን ፓኬጅ መዝለል የሚችልበት ደንብ ይውጣ ብለን ለመንን። እንዲህ ያለ ደንብ የለም፣ ደንብ ለማውጣትም ውይይት ያስፈልጋል አላችሁ። ውይይቱ እንደቀጠለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለተወያዮቹም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

ሦስተኛ፦ ከአባሎቻችሁ አንዱ ምስሎቹን በዲስክ ገልብጠን በመኪና እንድንልክ በቅንነት ስለመከሩን እናመሰግናለን። መኪናው የሚሄድበት መንገድ፣ ይናዳል ብለን የምንፈራው ተራራ ሥር የሚያልፈው መንገድ ነው። ምክሩ በደረሰን ጊዜ ጎርፍ ቆርጦት ነበር።

አራተኛውን ማሳጠር አልቻልኩምና ይቅር በሉኝ።

ዝናቡ በጠናበት ሰሞን አማቼን ሁለት ሰፈሮች ያሳስቡት ነበር፤ አንዱ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በታች፣ ሌላው ከትምህርት ቤቱ በላይ። መጠለያ የሚሆነው አዳራሽ የሚበቃው ለአንዱ ሰፈር ሰው ብቻ ነበር። እንደ ልማዱ አዲሱን ምስል ሊጭን ኮሌጅ ሄዶ ትእዛዙን ሲሰጥ፣ ማሽኑ እንዲህ የሚባል ፓኬጅ የለም አለው። የማሽን ክፍሉ ኃላፊ፣ ተማሪዎቹ «ኬብሉ» የሚሏቸው ቀጭን ሰው፣ አጠገቡ ቆመው ነበር። «እስከ ትናንት ነበረ» አሉት። «ከላይ ሲሰርዙት የእኔም ተከትሎ ሰረዘው። የተሠራው እንደዚያ ነው። ምን ላድርግ ወንድሜ?»

ከእኛ ተቋም በቀጥታ ለማውረድ ሞከረ። ትንሽ ይሄድና ይቋረጣል፤ ሲቀጥለው ከዜሮ ይጀምራል። ጠዋት ደወለልኝ። ድምፁ፣ መልስ የሚጠብቁ ሰዎችን ፊት እያየ የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር።

«እትዬ፣ አልወርድ አለኝ። አንቺው እዪልኝ።»

ሥራዬን ሁሉ ጥዬ ተቀመጥኩ። እሱ እያንዳንዱን ገደል በእግሩ ስለሚያውቀው በፍጥነት የሚያነበውን፣ እኔ በምስል ብቻ ስለማውቀው እየተደናበርኩ አነበብኩት። ከሰዓት በኋላ ግልጽ ሆነልኝ፤ ባለፈው ምስል ላይ ይንሸራተት የነበረው የታችኛው ሰፈር ረግቷል፤ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ግን ሰሞኑን ሁሉ ሲወርድ ሰንብቷል። ደወልኩ። በቴፕ የተቀረጸች ትሑት ሴት፣ የደወልኩለት ሰው ለጊዜው እንደማይገኝ ነገረችኝ። እህቴ ዘንድ ደወልኩ፤ ያቺው ሴት። ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ ደወልኩ፤ ያቺው። የከተማው የስልክ ማማ በዝናቡ ወድቆ ነበር። እኔ መልሱን ይዤ፣ ስልኩ እጄ ውስጥ እስኪግል ድረስ ይቅርታዋን ስሰማ ዋልኩ።

አማቼ ሰው ነው፣ ባለው ነገር ወሰነ። ያለው ደግሞ አሮጌው ምስል ነበር። የታችኛውን ሰፈር ሰው ቤት ለቤት እየለመነ ወደ አዳራሹ አስገባ። አንዲት አሮጊት ዶሮዎቼን ትቼ አልሄድም ብለውት ዶሮዎቹን ራሱ ተሸክሟል። አመሻሹ ላይ የላይኛው ተናደ። የእህቴን የሰርግ ልብስ የሰፋችው ልብስ ሰፊ ከእናቷ ጋር፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከነባለቤቱ፣ ሌሎችም ስማቸውን እህቴ ስትነግረኝ ያላስጨረስኳት ሰዎች ሞቱ። የታችኛው ሰፈር አንድ ጡብ እንኳ ሳይጎድልበት እንደቆመ ነው።

ስልኩ ሲመለስ መጀመሪያ ያገኘኋት እህቴን ነው። ስለ ባሏ ጠየቅኳት። «ይበላል፣ ይተኛል» አለችኝ፤ «ግን የለም።»

አምስተኛ፦ ፓኬጁ እንዲመለስልን ያቀረብነውን ጥያቄ «አመልካቿ ለቀረበላት ተጨማሪ ጥያቄ በጊዜው መልስ ስላልሰጠች» ብላችሁ ስለዘጋችሁት እናመሰግናለን። በዚያ ሳምንት ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ይህ በቂ ምክንያት መሆን አለመሆኑን ደንባችሁ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

እንግዲህ ክቡራን ሆይ፣ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃችኋለሁ። ፓኬጁን መልሱ አልልም፤ እንደማትመልሱት ገብቶኛል፣ ማን ጋ ሄጄ እንደምጮህም አላውቅም። ከእናንተ መካከል ክፉ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። ሁላችሁም ያለ ደሞዝ፣ ከእንቅልፋችሁ ቆርሳችሁ የምታገለግሉ ሰዎች ናችሁ። ክፉ ሰው ባገኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

አማቼ ከዚያ ቀን ወዲህ የጠየቀኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ «እትዬ፣ አዲሱ ያሳይ ነበር?» «እህቴን አቅርብልኝ» አልኩት። አሁንም ስደውል ለእህቴ ስልኩን ከመስጠቱ በፊት ትንሽ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውን አውቃለሁ። ያሳይ ነበር ብዬ ብመልስለት፣ ዶሮ ሲሸከም ሰው እንዳለቀበት እነግረዋለሁ። አያሳይም ነበር ብዬ ብመልስለት፣ ከእንግዲህ የትኛውንም ምስል አያምንም፣ ዝናቡም ተመልሶ ይመጣል። እናንተ ለማንኛውም ጥያቄ መልስ የማታጡ ሰዎች ስለሆናችሁ፣ ምን ብዬ እንደምመልስለት በትሕትና እንድትመሩኝ እለምናለሁ። ጉዳዩ መረጃ ይሁን ሶፍትዌር መለየት ካስቸገራችሁ እጠብቃለሁ።

የግምጃ ቤታችሁን ንጽሕና እያደነቅሁ፣ ለደንቦቻችሁ ጽናት እጅ እየነሣሁ፣ ሥራችሁ ሳይስተጓጎል፣ ዲስካችሁ ሳይሞላ፣ ቤታችሁም በረጋ መሬት ላይ እንዲኖር እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ሦስት ሰዎች ካሉበት የተራራ ጥናት ክፍል አንዷ

ማሳሰቢያ፦ ሰሞኑን ግምጃ ቤታችሁን ስጎበኝ ከእኛ ምስሎች ሁሉ የሚከብድ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ በክብር መቀበላችሁን አየሁ። ጨዋታ ሶፍትዌር ነውና ቅር አላለኝም። ኬብሉ እንደነገሩኝ የኮሌጁ ማሽን ከወዲሁ ስቦ ጨርሶታል። በውስጡ ተራራ የሚናድበት ደረጃም አለ አሉ፤ እዚያ ግን ተጫዋቹ የተሳሳተውን ሰፈር ካስወጣ፣ እንደገና ጀምር የሚል ቁልፍ ይመጣለታል።