በአሥራ አንድ ሰዓት የሚበራው አምፖል

ይድረስ፣ ከታቦሩ ቤታችን ወጥተሽ ላልተመለስሽው ለውድ ባለቤቴ ለመሠረት ማርቆስ፤

አስቀድሜ፣ ይህን ቤት በገዛ እጃቸው ላቆሙት ለአባትሽ ለአቶ ማርቆስ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ በሕይወት ሳሉ አልተገናኘንምና የልጅዎ ባል እርሱ ነው ብለሽ ማንነቴን አስረጂልኝ። አያትሽን ወይዘሮ አመለወርቅን፣ የጉልበታቸው ሕመም እንዴት እንደሆነ ጠይቂልኝ። በሕፃንነቱ ለተለየሽ ለወንድምሽ ለዮሐንስ፣ እዚያ አድጎ እንደሆነ ወይም እንደ ነበረ እንደሆነ ባላውቅም፣ ሰላም በይልኝ። ለእኔም አባት ለአቶ አስፋው እንዲሁ። እርሳቸው የተቀበሩት ወሎ ነውና መንገዱ ይራቅ እንደሆነ እንጃ። በግራ እግራቸው ያነክሱ ነበር፤ እዚያ እግራቸው ድኖ ከሆነ ግን በሳቃቸው ትለዪያቸዋለሽ፤ ቀልዱን ሳይጨርሱ ነው የሚስቁት።

እዚህ ያለነው፣ እናትሽ ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ልጃችን ሶስናና እኔ፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ከተለያየን ስምንት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነ።

በወረቀት የምጽፍልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ወር ድንገት ወደ ስልክሽ ብደውል ተነሣ። «ማንን ፈልገህ ነው?» አለች አንዲት ሴት። ስምሽን ስነግራት፣ «ወንድሜ፣ ይሄን ቁጥር ካወጣሁ ገና ሳምንቴ ነው፤ ሰው ሁሉ እሷን ይጠይቀኛል» አለችኝ። ሰው ሁሉ ያለችው ማንን እንደሆነ ሳልጠይቃት ዘጋሁት። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ነገ ከመቃብርሽ ድንጋይ ሥር አኖረዋለሁ። የአራተኛ ክፍል ትምህርቴ ያሳተኝን እንደ ድሮሽ አርሚልኝ።

የምጽፍልሽ ስለ ሳሎኑ መብራት ነው። በር አጠገብ ያለውን ጥቁር ማብሪያ ታስታውሺዋለሽ፤ አባትሽ በእንጨት ላይ የመቱት፣ ሲጫኑት እንደ ጣት አንጓ የሚንቋቋው። ከልብስ ስፌቱ ቤት ስትመለሺ «ዐይኔ ደክሟል» እያልሽ ገና በፀሐይ ታበሪው ነበር፤ እኔም ቆጣሪው ይቆጥራል እያልሁ ከኋላሽ አጠፋው ነበር። ስንቴ ተጣልተንበታል!

ከቀብርሽ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ማንም ሳይነካው አምፖሉ በራ። ራት ሳይቀርብም ጠፋ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ያ ሰዓት አንቺ የምትገቢበት መሆኑን አስቀድመው የተናገሩት እናትሽ ናቸው። ካቻቪቴ ይዤ ስነሣ፣ «ተዋት፤ ትግባ» አሉኝ።

እናትሽን ታውቂያቸዋለሽ። እሑድ እሑድ በጸሎት ቤት ለሴቶቹ «የሞተ ሰው ተመልሶ አይመጣም፤ እሱ የሰይጣን ማታለያ ነው» ብለው ያስተምራሉ። አሥራ አንድ ሲሞላ ግን ያንቺን ወንበር ከጠረጴዛው ሳብ ያደርጋሉ። ሶስናም «እማዬ ገባች» ትልና በአምፖሉ ፊት ቆማ ውሎዋን ትዘረዝርልሻለች፦ ማን እንደ ገፋት፣ ማን እርሳሷን እንደ ሰበረባት። አንዳንድ ቀን ዝም ብላ ታዳምጣለች፤ ከዚያ ትስቃለች። በምን እንደምትስቅ ጠይቄያት አላውቅም።

እኔ ከእንጨት ሥራው ቀደም ብዬ የወጣሁ እንደሆነ፣ ሰዓቱ እስኪያልፍ ከአጥሩ ውጭ እቆያለሁ። ሲበራ እፈራለሁ፤ እንዳይቀርም እፈራለሁ።

እየዋለ እያደረ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኝ ጀመር። የኮርኒሱ አቡጀዲ ስንት ዘመን የደረቀ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ የሶስና አልጋም ከሥሩ ነው። ይህን እያወቅሁ ዝም አልሁ። ባለፈው ማክሰኞ ነፋስ የሚባል አልነበረም፤ ሐይቁ እንደ ብርጭቆ ረግቶ ዋለ። አሥራ አንድ አለፈ፤ አምፖሉ አልበራም። ስገባ ልጃችን በርጩማ ላይ ቆማ ማብሪያውን ደጋግማ ትጫነዋለች፤ በክዳኑ ስንጥቅም ሰማያዊ ብልጭታ ይወጣል። ተወርውሬ አነሣኋት። የጣቷ ጫፍ ተለብልቧል፤ እርሷ ግን አላለቀሰችም። «ጠራኋት፤ እጄን ያዘችኝ» አለችኝ።

በማግሥቱ እናትሽ ገበያ ሲወጡ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቼ፣ በቴስተር ሞክሬ፣ ክዳኑን ፈታሁ። ከውስጥ ያገኘሁት የራሴን እጅ ሥራ ነው። በልቅሶሽ ሰሞን የሳሎኑ መብራት ሦስት ቀን እንዳይጠፋ እናትሽ አዝዘው ነበር። ነገር ግን ጎረቤቱም ባለዕድሩም ሲነጋ እንደ ልማዱ እየተጫነ ያጠፋዋል። እናትሽ «ልጄን ጨለማ አታልብሷት!» ብለው ሲጮኹ፣ ማንም ቢጫነው እንዳይጠፋ ብዬ ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ጠመዘዝኋቸው። ልቅሶው ሲያበቃ አላቀቅኋቸው እንጂ ጫፋቸውን አልቆረጥሁም፤ በናስትሮም አልጠቀለልኋቸውም። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ በሩን ሲያንገጫግጭ የጭቃው ግድግዳ ይነቃነቃል፤ ያኔ የሽቦዎቹ ጭራ ይነካካል። እንጨቱ ከስሎ አገኘሁት። ስምንት ወር ሙሉ ስትገቢ፣ በሩን የከፈትሁልሽ እኔ ነበርሁ።

አሮጌውን ይዤ ፒያሳ ወረድሁ። ባለሱቁ አገላብጦ አይቶ፣ «ይሄማ አያቴንም ያውቃቸዋል፤ ሙዚየም ውሰደው» ብሎ ሳቀብኝ። አዲስ ነጭ ማብሪያ ገዝቼ፣ ሽቦውን እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጬ ገጠምሁት። መብራቱን ከቆጣሪው መልሼ በሩን ደጋግሜ ደበደብሁት፤ አምፖሉ አልበራም።

የዚያን ዕለት በአሥራ አንድ ሰዓት እናትሽ ወንበሩን ሳቡ። ቆዩ፤ ቆዩና መለሱት። ሶስና ግን ነጩን ማብሪያ አየችና ወደ እኔ ዞራ፣ «አባዬ፣ እማዬን ቆለፍክባት?» አለችኝ። ሽቦ ነው ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ አልወጣም። «እስከ እሑድ እነግርሻለሁ» አልኋት።

ቃሉ ለምን እንዳልወጣ ለማንም አልተናገርሁም፤ ላንቺ ልንገርሽ። ባረፍሽበት ቀን ጠዋት ነጠላሽን ላመጣልሽ ከሆስፒታል ወደ ቤት መጥቼ ነበር። በሩ ተቆልፏል፤ ያለን ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በኪሴ ነበር። ስገባ አምፖሉ ይበራል። በዋዜማው ማታ ሁላችንም አንቺን ይዘን ወደ ሆስፒታል ስንወጣ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ያን ጊዜ ማብሪያውን ማንም አልፈታውም፤ ሽቦውን ማንም አልጠመዘዘውም፤ ነፋስም አልነበረም። ልማድ ሆኖብኝ ተጫንሁትና አጠፋሁት። የግድግዳውንም ሰዓት አየሁ፤ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ስመለስ ነርሷ በር ላይ ጠብቃኝ ያረፍሽበትን ሰዓት ነገረችኝ። ለሦስት ሩብ ጉዳይ።

መሠረት ሆይ፣ የኋለኛው ሁሉ የእኔ ሽቦ ነው፤ ይህን ተቀብያለሁ። የመጀመሪያው ግን የማን ነው? አንቺ ከሆንሽ፣ ለልጃችን «እናትሽ አንድ ቀን ልትሰናበተን መጥታ ነበር» እላታለሁ፤ እኔም ሳላውቅ ስላጠፋሁብሽ በጉልበቴ ተንበርክኬ ይቅርታ እለምንሻለሁ። ካልሆንሽም የመብራት ብልሽት ነው ብዬ እነግራታለሁ። ሁለቱንም እችለዋለሁ፤ አለማወቁን ግን አልቻልሁትም። በየትኛውም ቢሆን አንቺን አልረሳም፤ ሶስናም እንዳትረሳሽ በዚህ ቤት ስምሽ ሳይጠራ የሚውል ቀን አይኖርም።

መልስሽን በመብራት አትላኪው፤ ሕፃኗ እንደገና ወደ ግድግዳው ትሄዳለች። ለእኔ ብቻ፣ በሕልምም ቢሆን፣ በምትችይው መንገድ ላኪልኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ልጅቷ እሑድ ትጠይቀኛለች፤ እባክሽን ከዚያ በፊት መልሽልኝ።

ባለቤትሽ ደረጀ አስፋው
ታቦር፣ ሀዋሳ