የጨመረው ድምፅ ብቻ ነው

ሰኞ

ምንም አልጨመረም። ድምፁ ብቻ ነው የጨመረው።

ዛሬ ዕረፍቴ ስለነበር መኪናዬን ይዤ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ዳገት ሄድኩ። መጀመሪያ ራሴ በገጠምኩት በአዲሱ የሞተር አየር ማስገቢያ ወጣሁት። ከዚያ ጥላ ሥር ቆሜ፣ ኮፈኑን ከፍቼ ፈታሁትና ከፋብሪካ የመጣችበትን ጥቁር ሳጥን መልሼ አስገባሁ። ያንኑ ዳገት፣ በዚያው ማርሽ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጬ ደግሜ ወጣሁት። ስልኬ ሰዓት ይዞልኛል። ልዩነት የለም። አላመንኩም፣ መልሼ ቀየርኩ። ፀሐዩ ሲበረታና ሞተሩ ሲግል እንዲያውም አዲሱ ባሰበት፤ መኪናዋ ትንሽ ተጎተተች። ኮፈኑ ውስጥ የታፈነውን ትኩስ አየር መልሳ እየማገች ነው። ሳጥኑ እኮ ድሮውንም ቀዝቃዛ አየር ከውጭ እንዲስብ ሆኖ ነው የተሠራው።

ታዲያ ያ ሁሉ ፍጥነት ከየት መጣ? ከጆሮዬ። ስትጮህ የምትሮጥ ይመስለኛል።

የኔውን ነገር ገጥሜ ወደ ቤት ተመለስኩ። ዘወትር የምንሰበሰብበት ካፌ በር ላይ ያለ ድምፅ ብቆም ምን ይሉኛል ብዬ። አይገርምም?

ብቻዬን ብሞኝ ግድ አልነበረኝም። ግን እዚህ ጣልያን፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ባለው የሐበሻ ካፌያችን ውስጥ ያልለፈፍኩለት ሰው የለም። "ብርሃኑ የመኪና ነገር ያውቃል" ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ጋሽ ተክለ ደግሞ አመኑኝ። የአሥመራ ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ የተማሩ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ። ያቺን አሮጌ መኪና የያዟት ባለቤታቸውን እትዬ ለተብርሃንን ለኩላሊት እጥበት ወደ ሆስፒታል ለማመላለስ ነው። ባለፈው ወር ይህንኑ ማስገቢያ በገዛ እጄ ገጠምኩላቸው። የሳቸውን ቱቦ ከፊት መከላከያው ሥር ዝቅ አድርጌ ነው የዘረጋሁት፣ ቀዝቃዛ አየር ያለው እዚያ ነው ብዬ።

ነገ እነግራቸዋለሁ። ተሳስቻለሁ፣ ልፍታልዎ። ምን ይከብዳል?

ማክሰኞ

አልነገርኳቸውም።

እትዬ ለተን ሆስፒታል አድርሰው ካፌ መጥተው ነበር። ገና ስገባ "መጣ ኢንጂነሩ!" አሉ። ከዚያ ለቤቱ ሁሉ፦ "አሎራ፣ ስሙኝ። ይቺ መኪና ከኔ ጋር አርጅታ ነበር። ይሄ ልጅ አንድ ቱቦ አስገባላትና አሁን ሴማፎሮ፣ መብራቱ ላይ ወጣቶቹን ጥዬ ነው የምሄደው።" ሰው ሳቀ። አንዱማ "ለኔም ግጠምልኝ" አለ። እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር።

አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን "ገና ምን አይተው ጋሼ" የሚል ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሰናይት ጠየቀችኝ።

"ነገርካቸው?"

"ሰው ነበረ።"

"ጉራህን ስትነዛስ ሰው አልነበረም?"



ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ጋሽ ተክለ ደወሉ። "ብርሃኑ፣ ነገ ኃይለኛ ዝናብ አለ ይላሉ። ይሄ ታች ያለው ነገር ውሃ አያስገባም?"

ከዕቃው ጋር የመጣችው ወረቀት ትዝ አለችኝ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ አትንዱ ትላለች። አንብቤያታለሁ። አንብቤ ጣልኳትና ቱቦውን ማጥበቅ ቀጠልኩ።

አሁኑኑ መጥቼ ልፍታልዎ ብላቸው "ለምን?" ይሉኛል። ለምን ካሉኝ ደግሞ ሁሉም ይወጣል፤ ዳገቱም፣ የትናንቱም።

"ኧረ ምንም አይልም ጋሼ። ኩሬ ካዩ ቀስ ብለው ይለፉ።"

"ቫ ቤኔ፣ እሺ። አንተ ካልክ።"

አንተ ካልክ። ራቴን ትቼ ተነሣሁ። ሰናይት ምን ሆንክ ስትለኝ ድካም ነው አልኳት። ለሷም ዋሸሁ።

ሐሙስ

የፈራሁት ደረሰ።

መጋዘን ሥራ ላይ ሳለሁ ደወሉ። ለተን ላመጣት ስሄድ ከባቡሩ ሐዲድ ሥር ያለው ማለፊያ ውስጥ ውሃ ያዘኝ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ አልነሳም አለ አሉኝ።  አለቃዬን አስፈቅጄ በረርኩ።

ስደርስ መንገደኞች ገፍተውላቸው መኪናዋ ዳር ወጥታለች። ጋሽ ተክለ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል። እንዳዩኝ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"ይቅርታ ልጄ። ቀስ ብለህ እለፍ ብለኸኝ ነበር። እኔ ነኝ የቸኮልኩት። ሥራህን አበላሸሁብህ።"

እኔን ይቅርታ!

እኔም "ግድ የለም ጋሼ" አልኩ። ግድ የለም! እንደ ይቅር ባይ። ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል።

በኔ መኪና ሆስፒታል ስንደርስ ኮሪደሩ ባዶ ነው። እትዬ ለተ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከእጥበት በኋላ ጉልበት የላቸውም። ባላቸውን ሲያዩ ተነሡ፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። 

መኪናዬ ውስጥ ስንገባ እትዬ ለተ "ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?" አሉ። 

ዓርብ

መካኒኩ ብዙ አልቆየም። ሞተሩ ውሃ ጠጥቷል፣ ፒስተኑን የሚገፋው ብረት፣ ቢዬላው፣ ታጥፏል፣ ሞተር ካልተቀየረ አትነሳም አለ። ቱቦውን እያየ "ይሄን ማን ነው የገጠመው?" ሲል ጠየቀ።

"ኢዮ" አሉ ጋሽ ተክለ። እኔ ነኝ። ወደኔ ዞር እንኳ አላሉም።

ሰውየው ሳቀባቸው። በዚህ ዕድሜህ እንደ ጎረምሳ ትጫወታለህ እንዴ አላቸው። እሳቸውም አብረውት ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ አልቻልኳትም። "እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ" አልኩት በጣልያንኛ። ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ።

ውጭ ወጥተን ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰኞ ዳገቱን እንደሞከርኩት። ማክሰኞ እያወቅኩ እንደሳቅኩ። ወረቀቷን አንብቤያት እንደነበረ። መንገዱን እያዩ ሰሙኝ።

"ባታውቅ ኖሮ ባልከፋኝ" አሉ። "ሰው ይሳሳታል። ረቡዕ ግን ጠየቅኩህ።"

"አዎ ጋሼ።"

"ጠየቅኩህ እኮ፣ ብርሃኑ።"

ቤት ላድርስዎ ስላቸው እጃቸውን አወዛውዘውብኝ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄዱ። ከኋላ ሲታዩ እንዲህ ማርጀታቸውን አላስተዋልኩም ነበር።

ካፌ ሄጄ ለኔም ግጠምልኝ ያለኝን ሰው አገኘሁት። አይጠቅምም፣ አታስገጥም፣ የጋሽ ተክለን ሞተር የገደልኩት እኔ ነኝ አልኩት።  ቡና ሳላዝ ወጣሁ። ከዚያ የራሴን ፈታሁ። ሰናይት ብሎኖቹን እየተቀበለችኝ አጠገቤ ቆማ ነበር።  

ቅዳሜ

ይሄን የምጽፈው የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሆኜ ነው።

ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተራ ተቀያይሬ በጠዋት እነጋሽ ተክለ በር ላይ ቆምኩ። አልደወልኩም፤ ብደውል አትምጣ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ወረዱ። ጋሽ ተክለ አይተውኝ ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ለእትዬ ለተ የፊቱን በር ከፍተው ራሳቸው ከኋላ ገቡ።

መንገድ ላይ ለእትዬ ለተም ሁሉንም ነገርኳቸው። ለባሌ ነግረኸዋል ይበቃል እንዲሉኝ ተመኝቼ ነበር። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"እኔ መኪናውን መች አሰብኩ" አሉ። "ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። ሰው ሁሉ ሄዷል። ከተጋባን ጀምሮ ይሄ ሰውዬ ዘግይቶብኝ አያውቅም። ሞቷል አልኩ። በልቤ ለቅሶውን ጀምሬው ነበር።"

 ምን ይባላል? ይቅርታ አልኩ። ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ፣ ግን ሌላ የለም።

ቆይተው፣ "ሌላ መኪና እስክናገኝ አንተ ነህ የምታመላልሰኝ" አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

"እሺ እትዬ ለተ።"

ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ ጋሽ ተክለ ባለቤታቸውን ደግፈው እስከ በሩ ከሄዱ በኋላ ብቻቸውን መለስ ብለው መስኮቴን አንኳኩ።

"ማክሰኞ ቀደም ብለህ ና። ትራፊኮ አለ።"

ስሜን አልጠሩም። ልጄም አላሉኝም። ግን ና ብለውኛል።