ዘጠነኛው ጥያቄ

ሰኞ፣ ጥር 18

መገናኛ ላይ አርባ ደቂቃ ተገተርኩ። ታክሲ የለም፤ ያለውም ቦሌ አልሄድም ይላል። ቢሮ ስገባ ሠራተኛው በየሳምንቱ ስለ ደህንነቱ የሚሞላቸው የዓርብ ቅጾች ደርሰዋል። መቶ አሥራ ሦስት ሠራተኛ፣ መቶ አሥራ ሦስት አረንጓዴ። አንድ ቢጫ እንኳ የለም። ሰባት የፊልድ ጣቢያ፣ ግማሹ እርዳታ የተቆረጠበት፣ ሰዉ ግን ሁሉ ደህና... የሠራተኛ ደህንነት ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ደስ ሊለኝ አይገባም? ደስ አላለኝም።

የእኛ ሰው መቼ ቀይ ሞልቶ ያውቃል? ቤቱ እየተቃጠለ እንዴት ነህ ቢሉት ተመስገን ይላል። እኔም ብሆን የራሴን ሁልጊዜ አንደኛ ሆኜ ነው የምልከው። አረንጓዴ።

ክፍሌን "ማልቀሻ ቤት" ይሉታል። በሦስት ዓመት ውስጥ ያለቀሰበት ሰው አራት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሶፍት አቧራ ጠጥቷል።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ኢስሐቅ ከፊልድ ገባ። በተፈናቃዮቹ መጠለያ የእርዳታ እደላ ኃላፊ ነው። አራት ወር ሙሉ እረፍት አልወጣም። ከስቷል፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል።

"ማሪዬ፣ ማልቀሻ ቤትሽ ወረፋ አለው እንዴ?" ብሎ ገባ። ሳቅን።

በጀቱ ሲቀንስ ከእደላው የሚወጡትን ሰዎች ስም ያነበበው እሱ ነው። በድምፅ ማጉያ፣ ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ። ስንት ስም ነበር? "ብዙ።" ጮሁብህ? "አልጮሁም። አንዲት እናት መጥተው መረቁኝ። ፊት ለፊት ስለነገርከን እግዜር ይስጥህ አሉኝ።" ቀበቶውን አጠበቀ። "ቢረግሙኝ እችለው ነበር።"

ወዲያው ደግሞ ስለ ቡልቡላ ውሃ ማውራት ጀመረ። እህቱ አዝመራ ጋ ነው ያረፈው፤ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ድረስ ውሃ አይወጣም፤ ገና እንደገባ ጀሪካን መሸከም ጀምሯል...

ቅጹን ሞላ። ዘጠኝ ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት፤ ነጥቡ ሲበዛ ነው የሚያስፈራው። ከሃያ ሰባት ሁለት ብቻ። አንዱ ለእንቅልፍ፣ አንዱ ለድካም። ዘጠነኛው፣ ባልኖር ይሻለኝ ነበር ብለህ አስበህ ታውቃለህ የሚለው፣ ዜሮ። አረንጓዴ። ታዲያ ከወጣ በኋላ ለምን በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ?

ዓርብ፣ ጥር 22

ራስ ምታት። ቅጾቹ ሁሉም አረንጓዴ።

እሑድ፣ ጥር 24

ቸርች። ኢስሐቅ እንደ ድሮው ከመዘምራኑ ጋር ቆመ። ድሮ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚዘምረው። ዛሬ ገልጦ ነው። የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ያያል።

አገልጋዩ "አፋችሁን ለክፉ አትክፈቱ፣ ድልን ተናገሩ" አሉ። እሱም እኔም በዚህ ነው ያደግነው። እኛ ቤት ራሴን አመመኝ አይባልም፤ "ሊይዘኝ ሞክሮ ነበር" ነው የሚባለው። እኔ ደግሞ ሰው እንዲናገር ብዬ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ... 

በር ላይ ኢስሐቅ እጄን ይዞ "ካስቀየምኩሽ ይቅር በይኝ" አለኝ። በምን አስቀይመኸኝ ታውቃለህ? "እንዲሁ ነው። ሰው አይደለን?" መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። አይደል?

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ጋሽ አብዲሳ ጠሩኝ። ሬዲዮ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠዋል። ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ሰባቱንም ጣቢያ በየተራ ይጠራሉ። ጣቢያው ደህና ነን ይላል፤ መዝገባቸው ላይ ይጽፋሉ።

"ልጄ፣ የዚህ ልጅ ድምፅ አልጣመኝም።"

"የማን ድምፅ ጋሼ?"

"የኢስሐቅ። ድሮ ጠዋት ስጠራው መጨረሻ ላይ 'ሸገር እንዴት አደረች?' ይለኝ ነበር። አንድ ቀን አጉድሎ አያውቅም። ከኅዳር ወዲህ ተወው።"

"ሥራ በዝቶበት ይሆናላ። ቅጹ ላይ እኮ ደህና ነው።"

"እኔ ቅጽ አላውቅም። ያለኝ ጆሮ ነው። ሸገርን እስኪጠይቀኝ ድረስ ደህና ነው አልልም።"

ፈገግ ብዬ ወጣሁ። እንደ ሽማግሌ ወግ ነው የቆጠርኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ፈረምኩ።

አቶ መኩሪያ፣ የፕሮግራም ኃላፊያችን፣ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ሁለተኛ ዙር ቅነሳ መጥቷል። ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

"ሌላ ሰው ቢያነበውስ?"

"ሕዝቡ የሚያምነው እሱን ነው። ለመሆኑ ያንቺ ቅጽ ምን ይላል?"

"አረንጓዴ።"

"እና?"

እና ምን ልበል? የጋሽ አብዲሳ ጆሮ ልበል? ኢስሐቅ ራሱ "እኔው እሄዳለሁ፤ ይኼን ሌላ ሰው አይሸከመው" ብሏል። "ለፊልድ ብቁ ነው" ከሚለው ሥር ስሜን ጻፍኩ። ነገ ጠዋት ይበራል። ምሳ አልበላ አለኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 2

ጋሽ አብዲሳ ጃኬት ለብሰዋል። የኢስሐቅን። ያንን ኪሱ የበዛውን፣ ዝናብ የማያስገባውን፣ ማንም እንዳይነካበት አንገቱ ላይ ስሙን የጻፈበትን። "ዓርብ ሲሄድ ነው የሰጠኝ። አልቀበልም ብለው አልሰማ አለ" አሉኝ። ለፊልድ የሚሄድ ሰው የፊልድ ጃኬቱን ለሰው ሰጥቶ ይሄዳል?

ክፍሌ ገብቼ ባዶ ቅጽ አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። ከግርጌው በትንንሽ ፊደል፣ "የአማርኛ ትርጉም፦ ማራናታ እና ኢስሐቅ" ይላል። እኔና እሱ።

እንዴት ረሳሁት? እንዴት ነው ይኼን የምረሳው? ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ አንድ ካፌ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጠን ተረጎምነው። ባልደረቦቹን እንዲደግፍ ያሠለጠንኩት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ለዘጠነኛው ጥያቄ ቃል የመረጠውም እሱ። እኔ ዘወር አድርገን እንጠይቅ ስል "አይሆንም፣ ፊት ለፊት ነው መጠየቅ" ያለው እሱ። ስንት ነጥብ አረንጓዴ፣ ስንት ቢጫ እንደሆነ በቃሉ ያውቀዋል። ሥልጠናው ላይ ደግሞ እኔው በገዛ አፌ፦ "ሁሉንም ዜሮ የሞላን ሰው ተጠራጠሩ። ከፊልድ መጥቶ ዜሮ የሚሆን ሰው የለም።"

ለዚህ ነው ሁለት የሞላው።

ፈራሁ። 

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ስልክ ስሞክር ዋልኩ። ኔትወርክ የለም።

አቶ መኩሪያ ጋ ገባሁ። ኢስሐቅ ይመለስ አልኩ።

"ነገ ነው ዝርዝሩ የሚነበበው! ብቁ ነው ብለሽ የፈረምሽው አንቺ አይደለሽም?"

"እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።"

"በጽሑፍ አምጪያ።"

ጻፍኩ። በቢሮ ደብዳቤ ላይ "ተሳስቻለሁ" ብዬ ጽፌ አላውቅም ነበር። አምስት መስመር ናት፤ አንድ ሰዓት ፈጀችብኝ። አንብበው ሲጨርሱ ቀና አላሉም። "አያንብብ። ግን አውሮፕላን ያለው ሐሙስ ነው" አሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ አብዲሳ ማይኩን አቀበሉኝ። ኢስሐቅ መለሰ፤ ድምፁ ጥርት ብሎ። ምን ልበለው? ሰባቱም ጣቢያ ይሰማል። ሰው በሰማበት ያንን ጥያቄ ልጠይቀው? ከእሱ ጋር ሰው ይደር ልበል? ነገ በየጣቢያው መጠቋቆሚያ ላደርገው? "ዝርዝሩን አንተ አታነብም። ሐሙስ ትመለሳለህ። ስልክ ወደሚሠራበት ውጣና ደውልልኝ" አልኩ። 

"ደህና ነኝ ማራናታ። አታስቢ።"

ማሪዬ አላለኝም። አልደወለም።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ከአንድ ሰዓት በፊት ሬዲዮ ክፍል ነበርኩ። ስድስት ጣቢያ መለሰ። ሰባተኛውን ጠሩ። አንዴ... ሁለቴ... ሦስቴ። ጋሽ አብዲሳ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

ማይኩን ነጠቅኳቸው። ትናንት ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ማን ይሰማል ማን አይሰማም አላልኩም። "የምትሰሙኝ ሁሉ፣ ኢስሐቅ አደጋ ላይ ነው። ራሱን እንዳይጎዳ እሰጋለሁ። ፈልጉት። ስታገኙት ብቻውን አትተዉት።" በዚያ ሬዲዮ እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮ አያውቅም። 

የመለሰው ኃይለኪሮስ ነው፣ የመጠለያው ሾፌር፣ መኪናው ላይ ካለው ሬዲዮ። "ሰምቻለሁ። እየሄድኩ ነው።"

ሃምሳ ደቂቃ። ጋሽ አብዲሳ በኦሮምኛ ይጸልያሉ። እኔ ጸሎት አልመጣልኝም። የማውቀው የድል ጸሎት ብቻ ነው፤ እባክህ ማለት ጠፋኝ።

ከዚያ የኃይለኪሮስ ድምፅ፦ "አግኝቼዋለሁ። በሕይወት አለ። እደላው ቦታ ነው፣ ያንን የስም ዝርዝር ይዞ ተቀምጧል። እኔም አጠገቡ ተቀምጫለሁ። አልነሳም።"

አለቀስኩ። ያውም ማልቀሻ ቤት ሳይሆን እዚያው ሬዲዮ ክፍል፣ ሰው እያየኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ቦሌ ኤርፖርት። ኃይለኪሮስ እጁን ሳይለቅ አመጣው። አዝመራ ወንድሟን አቀፈችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ደህና ነው ብለሽ የላክሽው አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"አዎ። እኔ ነኝ።"

 ሆስፒታል ድረስ አላናገረችኝም። ኢስሐቅ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። "ሬዲዮውን ያጠፋሁት ጋሽ አብዲሳ ሲጠሩኝ ከሰማሁ እንደማልችል ስለማውቅ ነው።"

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ዝርዝሩ ለካ ረቡዕ ዕለት ከሰዓት ተነቧል። ያነበበችው የኢስሐቅ ምክትል፣ ሳና ናት። ዓርብ የላከችውን ቅጽ አሁን አየሁት። አረንጓዴ። ሁለት ነጥብ። አንዱ ለእንቅልፍ፣ አንዱ ለድካም።

 እሷንም ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ።

የዛሬው በረራ እንዳያመልጣት ብዬ እየሮጥኩ አቶ መኩሪያ ጋ ገባሁ። አሁን አልተከራከሩኝም። ማታ እዚህ ትገባለች። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ፊልድ ከመላኩ በፊት ጋሽ አብዲሳም ይጠየቃሉ፤ ይኼን አስፈርሜያለሁ። የራሴን ቅጽ እንደገና ሞላሁት። በእውነት ሲሞላ ቢጫ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ቡልቡላ። ትናንት ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ሐኪሙ በሳምንት ሁለቴ ያየዋል። አዝመራ በሩን ከፍታ "ግቢ" አለችኝ። ይቅር አላለችኝም፤ ግን ግቢ አለችኝ። ጀሪካኖቹ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረዋል።

ጋሽ አብዲሳ ጃኬቱን አጥበው ልከውለት ነበር። ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። አልለበሰውም። ስለ ሸገርም አልጠየቀም።

ወረቀት አልያዝኩም። "ሐኪሙ ጠይቆኛል፣ አንቺም ጠይቂኝ" አለ። ጥያቄዎቹን ሁለታችንም በቃል እናውቃቸዋለን። እንቅልፍ... ሦስት። ምግብ... ሦስት። ራስን መውቀስ... ጃኬቱን እያየ ሦስት አለ። ስምንተኛውን ጨርሼ ቆምኩ። 

"ፊት ለፊት ነው መጠየቅ" አለኝ።

ጠየቅኩት።

 አዝመራ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ትሰማለች። እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል ብዬ ነበር፤ አላደረገም። "አዎ። አሁንም ይመጣል። ጠዋት ጠዋት። ሲመጣ ግን እነግራችኋለሁ።"

ደመርን። ሃያ አንድ። ቀይ።

ተመስገን አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።